የጨረቃ ጠባሳና የሠዓሊ ዓይን

አማርኛችን «ጥበብ» በሚለው አንድ ቃል ላይ ብዙ ነገር ይጭናል። የሰሎሞን ማስተዋል ጥበብ ነው። የሠዓሊው፣ የገጣሚውና የአዝማሪው ሙያ ጥበብ ነው። ሸማኔው በቀሚስና በነጠላ ጠርዝ ላይ የሚጥለው ባለቀለም ጥለትም ጥበብ ይባላል። በጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርታችን ቅኔ የሚቆጥረው ደቀ መዝሙር፣ ቀን ቆጥሮ ፋሲካን የሚያወጣበትን ባሕረ ሐሳብም ይማር ነበር። ቃሉ ለሁሉም በሩን ከፍቶ ሲኖር፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ግን ተማሪውን አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርስ በሁለት ረድፍ ያሰልፈዋል፤ የተፈጥሮ ሳይንስ በዚህ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ በዚያ። ሥዕልና ሙዚቃ ከሁለቱም ሰልፍ ውጭ ቆመው ይቀራሉ።

እኔ በመጀመሪያው ሰልፍ የቆምኩ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ከደብተሬ ጋር የሥዕል ወረቀትም ስለምይዝ «ለመሆኑ አንተ የየትኛው ወገን ነህ?» የሚሉኝ ጥቂቶች አይደሉም። ጥያቄው ሲመላለስብኝ ከርሞ ወደ ሌላ ጥያቄ መራኝ። ኪነ ጥበብና ሳይንስ በእርግጥ አንዱ ሌላውን ይለውጣል ወይ? የሚለውጥ ከሆነስ በምን መንገድ?

ለዚህ ጥያቄ በየስብሰባውና በየመጽሔቱ የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ሳይንስ የጭንቅላት፣ ኪነ ጥበብ የልብ ነው» ይልና በመካከላቸው አጥር ያጥራል። ሁለተኛው ደግሞ «ሁለቱም ምንጫቸው አንድ ነው» ይልና የሌኦናርዶ ዳ ቪንቺን ስም ጠርቶ ያሳርጋል። የመጀመሪያው ስንፍና ነው። ሁለተኛው ለጉባኤ መክፈቻ ንግግር ያምራል እንጂ ምንም አያስረዳም። ስለዚህ ሁለቱንም ትቼ፣ ሊመረመሩና ሊመዘኑ የሚችሉ ጥቂት ሥራዎችን ማየት መረጥኩ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ሰዎች፣ አንዲት ጨረቃ

በጁላይ 1609 ቶማስ ሃሪየት የተባለ እንግሊዛዊ ለንደን አጠገብ ሆኖ ያኔ ብርቅ የነበረውን ቴሌስኮፕ ወደ ጨረቃ አቀና። መሣሪያው ስድስት እጥፍ ያህል ያቀርብ ነበር። ያየውንም በወረቀት አሰፈረ። ሥዕሉ ዛሬም አለ። አንድ ክብ፣ ብርሃኑን ከጨለማው የሚለይ ሸካራ መስመር፣ ጥቂት ጭረቶች፤ ሌላ የለም። ሃሪየት እንዲሁ ተራ ሰው አልነበረም፤ በዘመኑ ከነበሩት የአውሮፓ የሒሳብ ሊቃውንት ከፊተኞቹ የሚቆጠር ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ አለመሆኑን አይቷል። ለምን እንደተዛነፈ ግን ሥዕሉ አይነግረንም።

ከአራት ወራት በኋላ፣ በኖቬምበር መጨረሻ፣ ጋሊሊዮ ጋሊሊ በፓዱዋ ከተማ ሃያ እጥፍ የሚያቀርብ ቴሌስኮፕ ይዞ ያችኑ ጨረቃ ተመለከተ። እርሱ ያነሣው ብሩሽ ነበር። ቡናማ ቀለም በውሃ እያቀጠነ፣ አንዱን ስፍራ እያጠቆረ፣ አንዱን እያደበዘዘ፣ ብርሃን ለሚፈልገው ቦታ የወረቀቱን ንጣት እየተወ ሣላት። ሥዕሎቹ በፍሎረንስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ቅጂያቸውን ያየ ሰው የሚገጥመው ሊዳሰስ የሚችል፣ ወጣ ገባ ያለ ገላ ነው።

ጋሊሊዮ ያስተዋለው ነገር እንዲህ ነው። በጨለማው የጨረቃ ክፍል ውስጥ፣ ከብርሃኑ ድንበር ራቅ ብለው፣ ትንንሽ የብርሃን ነጥቦች ይታያሉ። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ነጥቦቹ እየሰፉ ሄደው ከብርሃኑ ክፍል ጋር ይገናኛሉ። ይህ ምን ማለት ነው? የደጋ አገር ሰው መልሱን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። ጎሕ ሲቀድ የተራራው አናት ፀሐይ ሲሞቅ ሸለቆው ገና በጨለማ ውስጥ ነው። ፀሐይቱ ከፍ ስትል ብርሃኑ ቁልቁል እየወረደ ሜዳውን ያለብሰዋል። ጋሊሊዮም ያመሳሰለው ከዚሁ ከምድር ተራሮች ንጋት ጋር ነበር። ነጥቦቹ የተራራ ጫፎች ናቸው አለ።

ይህን ካለ በኋላ ሒሳቡ ተከተለ። የጨረቃን ወርድ 2000 ማይል አድርጎ ወሰደ። አንዳንዶቹ ነጥቦች ከድንበሩ የወርዱን አንድ ሃያኛ፣ ማለትም 100 ማይል ያህል ይርቃሉ። ከጨረቃ እምብርት እስከ ድንበሩ 1000 ማይል፣ ከድንበሩ እስከ ነጥቡ 100 ማይል፤ ቀጥ ያለ ማዕዘን ያለው ሦስት ማዕዘን ተሠራ ማለት ነው። የሁለቱ ጎኖች ስኩዌር ሲደመር 1,010,000 ይሆናል፤ ሥሩ ከ1004 ይበልጣል። እንግዲህ የተራራው ቁመት ከ4 ማይል በላይ ነው። ይህን ለመረዳት የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃል። ለማስላት ግን በመጀመሪያ ያቺ ነጥብ የተራራ ጫፍ መሆኗን ማየት ያስፈልግ ነበር።

ታዲያ ልዩነቱ የመሣሪያው አይደለም ወይ? የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ስድስትና ሃያ እኩል አይደሉም። ሃሪየት ራሱ በጁላይ 1610፣ ጠንከር ባለ ቴሌስኮፕ፣ ጉድጓዶቿ የሚታዩ ጨረቃ ሥሏል። ይሁንና ያን ጊዜ የጋሊሊዮ መጽሐፍ በማርች 1610 ቬኒስ ላይ ታትሞ ወጥቶ ነበር። መስታወት ማቅረብ ይችላል፤ መተርጎም ግን አይችልም። ለዓይን የሚደርሰው የጠቆረና የነጣ ጠፍጣፋ ነገር ብቻ ነው። የጠቆረውን እድፍ ነው ወይስ ጥላ ብሎ መለየት የተመልካቹ ፈንታ ነው። በዘመኑ የነበረው ትምህርት ደግሞ ሰማያዊ አካላት ሁሉ ፍጹም ለስላሳ ሉል ናቸው ይል ስለነበር፣ የተማረ ሰው ዓይን ጥላውን ወደ እድፍ ለመለወጥ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል።

ሳሙኤል ኤጀርተን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ነጥብ አንሥቷል። ክርክሩ ባጭሩ፣ ጋሊሊዮ ያየው እንደ ፍሎረንስ ሰው መሳልን ስለተማረ ነው የሚል ነው። ፍሎረንስ ከ1563 ጀምሮ የሥዕል አካዳሚ ነበራት። ጋሊሊዮን ሒሳብ ያስተማረው ኦስቲሊዮ ሪቺ ከዚሁ አካዳሚ ጋር የተያያዘ ሰው ነው። በዘመኑ የነበሩት የሥዕል መማሪያ መጻሕፍት፣ እሾሃማ ጉብታ ያለበት ሉል ብርሃን ሲያርፍበት እያንዳንዱ ጉብታ ጥላውን ወዴት እንደሚጥል ያለማምዱ ነበር። በዚህ ልምምድ ያለፈ ሰው ቴሌስኮፑን ወደ ጨረቃ ሲያቀና የሚያየው ልምምዱን ነው። አካዳሚውም በ1613 ጋሊሊዮን አባል አድርጎ ተቀብሎታል። እኔ ይህን ክርክር እቀበላለሁ። የመሣሪያውን ድርሻ ሳልክድ፣ የዓይኑ ድርሻ ግን ከዚያ አያንስም እላለሁ።

ቤቱም ቢሆን የሙያ ቤት ነበር። አባቱ ቪንቼንዞ ጋሊሊ ሉት የሚባለውን ባለ አውታር መሣሪያ የሚመታ ሙዚቀኛ ነው። ከፒታጎራስ ጀምሮ ሲወራረስ የመጣ አንድ አባባል ነበር፤ በአውታር ላይ የሚንጠለጠለውን ክብደት እጥፍ ብታደርገው ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል የሚል። ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል ሊቃውንቱ ጻፉት፣ ደገሙት። ቪንቼንዞ ክብደቱን አንጠልጥሎ አዳመጠና ውሸት ሆኖ አገኘው፤ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ያስፈልጋል። ክራር ቃኝቶ የሚያውቅ ሰው የዚህ ነገር ጣዕም ይገባዋል። ሊቃውንቱ ያመኑትን ቁጥር የጣለው የሙዚቀኛ ጆሮ ነው።

ጨረቃ ከእግሯ በታች

እስካሁን ያልኩት ሥዕል ለሳይንስ ስላደረገው ነው። ሳይንስስ ወደ ሥዕሉ ሲመለስ ምን ይዞ መጣ? የጋሊሊዮ ወዳጅ የነበረው ሠዓሊ ሎዶቪኮ ቺጎሊ በ1612 ሮማ ውስጥ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን፣ ፖፕ ጳውሎስ 5ኛ ባሠሩት ጸሎት ቤት ጉልላት ላይ የእመቤታችንን ሥዕል ጨረሰ። ታሪኩ ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 12 ነው፤ ፀሐይ የተጎናጸፈች፣ ጨረቃ ከእግሯ በታች የሆነች ሴት። ሠዓሊዎች ይህችን ጨረቃ ሁልጊዜ ነጭና ልሙጥ አድርገው ይሥሏት ነበር፤ ልሙጥነቷ የንጽሕና ምሳሌ ነውና። ቺጎሊ ግን የጋሊሊዮን ጨረቃ ሣለ። ድንበሯ የተዛነፈ፣ በጉድጓድ የተጠቃቆረ፣ ጠባሳ ያለባት ጨረቃ።

ሥዕሉን የማውቀው በፎቶግራፍ ቅጂ ነው። በቅጂም ቢሆን አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልሙጧ ጨረቃ ጌጥ ነበረች፤ የቆመባት ሰው ተንሳፎ የቆመ ይመስላል። የቺጎሊ ጨረቃ ግን መሬት ናት። ክብደት ትሸከማለች። በላይዋ የቆመችው እመቤት አንድ ስፍራ ላይ ቆማለች። አዲሱ እውቀት ሃይማኖታዊውን ሥዕል ያጎድለዋል ተብሎ ሲፈራ፣ ጭራሽ የሚረግጠው መሬት ሰጠው። በእኔ አስተያየት የዚህ ሥዕል ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። ቺጎሊ ለወዳጁ ውለታ ብቻ ቢሠራው ኖሮ ጨረቃዋ ከሥዕሉ ተነጥላ ትቆም ነበር። አልተነጠለችም።

ነገሩ ያለ አደጋ የተሠራ እንዳይመስለን። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1616፣ ያችው ሮማ የኮፐርኒከስን መጽሐፍ አገደች። በ1633 ጋሊሊዮን ለፍርድ አቀረበችው። ቺጎሊ በ1613 ስለሞተ ይህን አላየም። ጠባሳማዋ ጨረቃ ግን በጉልላቱ ላይ እንዳለች ቀረች።

እዚህ ላይ ለእኔ ቢጤው የነገሩ አፍቃሪ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በ2005 ከጋሊሊዮ መጽሐፍ አንድ ቅጂ ኒውዮርክ ውስጥ ብቅ አለ፤ በኅትመት ሥዕሎቹ ምትክ በእጅ የተሣሉ ጨረቃዎች ነበሩበት። ስመ ጥር ምሁራን መርምረው የራሱ የጋሊሊዮ እጅ ነው አሉ። ሠዓሊው ጋሊሊዮ የሚል ርእስ ያለው መጽሐፍ የጻፈው ጀርመናዊው ሆርስት ብሬደካምፕም በ2007 ሥራው ላይ ተመሠረተበት። በ2012 ኒክ ዊልዲንግ የተባለ የታሪክ ምሁር ቅጂው ከነሥዕሉ የዘመናችን ፎርጅድ መሆኑን አሳየ። ምሁራኑም እንዴት እንደተታለሉ ራሳቸው በ2014 ጽፈው አወጡ፤ ይህ ያስመሰግናቸዋል። ሊቅ ሆኖ ሠዓሊ የሆነ ሰው ታሪክ እጅግ ስለሚያምር፣ ማማሩ ብቻ ማስረጃ ሊመስለን ይችላል። ሃሪየት ልሙጥ ጨረቃ ጠብቆ ጥላውን ሳተ፤ እነዚህ ደግሞ ሠዓሊ ጋሊሊዮን ጠብቀው ፎርጅዱን ሳቱ። ሕመሙ አንድ ነው።

የሸማኔው አቤቱታ

ሌላው ምሳሌዬ ከሽመና ቤት ይወጣል። ሚሼል ኤዥን ሼቭረል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነበር፤ በስብና በሳሙና ላይ ባደረገው ምርምር የታወቀ። በ1824 ፓሪስ ውስጥ ጎብለን በሚባለው፣ ሥዕላዊ የግድግዳ መጋረጃ በሚሠራበት የመንግሥት ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆነ። እንደገባም አቤቱታ ቀረበለት። ጥቁሩ ክር በሰማያዊና በሐምራዊ ልብስ እጥፋቶች መካከል ሲገባ ይደበዝዛል፤ ቀለሙ መጥፎ ነው ተባለ። ሼቭረል ጥቁሩን ክር ከሌላ አገር ጥቁር ክር ጋር አስተያየው። ቀለሙ ምንም አልነበረበትም። ጥፋቱ የጎረቤቱ ነበር። ሰማያዊው አጠገቡ ያለውን ጥቁር በተቃራኒ ቀለሙ እያቀለመ ዓይንን ያታልለዋል።

ይህን የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ያው ቀይ ክር ከአረንጓዴ ጎን ሲገባ ይነዳል፣ ከብርቱካናማ ጎን ሲገባ ይከስማል። ሼቭረል የጨመረው ሕጉን መፈለግ ነው። ዓመታት ፈጅቶ በ1839 ስለ ቀለማት መቃረን ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ልብ በሉ፤ ለኬሚስቱ ይህን ጥያቄ የሰጠው ቤተ ሙከራው አይደለም። ጠርሙስ ውስጥ ያለ ቀለም ጎረቤት የለውም። ጥያቄው ሊነሣ የሚችለው ቀለም ከቀለም ጋር ተጎራብቶ በሚውልበት በሸማኔው እንጨት ላይ ብቻ ነበር።

ከዚያ መጽሐፉ ወደ ሠዓሊዎች ዞረ። ጆርጅ ሰራ ሼቭረልን አንብቦ ከ1884 እስከ 1886 ግራንድ ጃት በሚባለው ደሴት ላይ እሑድን የሚያሳልፉ ሰዎችን ሣለ። ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሚያህለው ሥዕል ዛሬ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ቀለማቱን በሸራው ላይ ከማደባለቅ ይልቅ በትንንሽ ነጥብና ጭረት ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፤ ከሩቅ ሲታዩ በተመልካቹ ዓይን ውስጥ ተደባልቀው ይበልጥ ያበራሉ ብሎ።

አበሩ ወይ? እንደ ፊዚክስ ተማሪ ስናገር፣ እንዳሰበው አላበሩም። የቴሌቪዥን መስኮት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦቹ ራሳቸው ብርሃን ስለሚያመነጩ ሲደመሩ ይደምቃሉ። የሸራ ላይ ቀለም ግን የተቀበለውን ብርሃን ከፊሉን ውጦ ከፊሉን የሚመልስ ነው። ተቃራኒ ቀለማት በነጥብ ሲጎራበቱ ከሩቅ የሚሰጡት አማካይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ወደ አመድማ ያዘነብላል። ሰራ ሳይንሱን ከሚሸከመው በላይ አምኖታል። ሆኖም ሥዕሉ ትልቅ ሥዕል ነው። የነጥቡ ሥርዓት እጁን ስላዘገየው፣ ሰዎቹ ሁሉ እንደ ሐውልት ፀጥ አሉ፤ የበዓል ቀን ሕዝብ ብቸኝነት ወጣበት። ሳይንሱ ለሰራ የሰጠው ደማቅ ብርሃን ሳይሆን ትዕግሥት ነው። ተጽዕኖ ማለት ትክክለኛ እውቀት ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ያስተምረናል። አንዳንዴ በከፊል የተሳሳተ ንባብም ፍሬ ያፈራል።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

የአራት መቶ ዓመት የጣልያን ወሬ ለአዲስ አበባ ተማሪ ምን ይጠቅመዋል? የሚል አይጠፋም። እስቲ ወደ አንድ የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ልውሰዳችሁ። የተማርኩበትን ትምህርት ቤት ስም አልጠራም፤ ብዙዎቹ ስለሚመሳሰሉ መጥራቱም አያስፈልግም። ለአርባ ተማሪ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረን። የሽንኩርት ልጣጭ አይታችሁ ሣሉ ተባልን። ተራ ይዘን አንድ አንድ ጊዜ አጎንብሰን አየን፤ ከዚያ አብዛኛው ተማሪ የመማሪያ መጽሐፉን ገልጦ ከዚያ ላይ ገለበጠ። አንዲት ልጅ ብቻ ያየችውን ሣለች፤ የተጣመሙ ሳጥኖች፣ የአየር አረፋ፣ ግማሹ ደብዛዛ። ከአሥር አራት አገኘች። መጽሐፉን የገለበጡት ዘጠኝ አገኙ።

ይህ ነገር ዛሬም ከውስጤ አልወጣም። ያቺ ልጅ በዚያን ቀን ከሁላችንም የበለጠ ሳይንስ ሠርታ ነበር። የተሰጣት ውጤት ግን ዳግመኛ ዓይኗን እንዳታምን አስተማራት። የእኛ የሳይንስ ትምህርት ችግር የመሣሪያ እጦት ብቻ ነው ሲባል የማልስማማው ለዚህ ነው። ጥሩ ማይክሮስኮፕ በመጽሐፍ ለተዘጋ ዓይን ምንም አያሳየውም። ሥዕል ለሳይንስ ተማሪ የሚያስፈልገው ግድግዳ ለማስጌጥ አይደለም። የሚጠብቀውን ትቶ ያለውን እንዲያይ የሚያስገድድ ሌላ ርካሽ ትምህርት ስለሌለ ነው። እርሳስና ወረቀት ስንት ያወጣሉ?

በሌላው ሰልፍ ያሉትም ከወቀሳ አይድኑም። ሠዓሊዎቻችን ስለሚቀቡት ቀለም ጠባይ፣ ስለ ብርሃንና ስለ ዓይን ምን ያህል ያውቃሉ? ሂስ የምንጽፈውስ? ስለ ሥዕል ሲጻፍ «ስሜትን የሚኮረኩር፣ ነፍስን የሚያናግር» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሥዕሉ በተሠራበት ዘመን ሰዎች ስለ ዓለም ምን ያውቁ ነበር ብሎ መጠየቅ ግን ንባብ ይፈልጋል።

ለነገሩ ምሳሌው ከደጃችን አይርቅም። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠኑ ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ሥዕል አዘነበሉ፤ ለንደን ውስጥ በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። አገር አንድ የማዕድን መሐንዲስ ከሰረች የሚል አይጠፋም። እስቲ ይህን የሚል ሰው አፍሪካ አዳራሽ ገብቶ በ1961 የተጠናቀቀውን፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋውን ባለቀለም መስታወት ይመልከት። የመስታወት ቀለም ከምን ይመጣል? ከማዕድን። ሰማያዊ ከኮባልት፣ ሐምራዊ ከማንጋኒዝ፣ አረንጓዴ ከመዳብና ከብረት ይገኛል። ሎሬቱ ማዕድኑን ጥለው ሄዱ ቢባልም፣ ማዕድኑ ብርሃን ሆኖ የአፍሪካን ያለፈ፣ የዛሬና የነገ ታሪክ ሲተርክ እናገኘዋለን። ይህን ያልኩት ሁለቱ ሙያዎች አንድ ናቸው ለማለት አይደለም። ሥዕሉን የሠራው ኮባልት ሳይሆን ሠዓሊው ነው። ግን ኮባልቱን የማያውቅ ተመልካች ከሥዕሉ ግማሹን፣ ሥዕሉን የማያይ ኬሚስት ደግሞ የኮባልትን ግማሽ ሳያዩ ይወጣሉ።

እንግዲህ ለጠየቁኝ ወዳጆቼ መልሴ ይህ ነው። ኪነ ጥበብና ሳይንስ አንድ አይደሉም፤ አንድ ይሁኑም አልልም። አንዱ የሌላውን ዓይን ሊያሠለጥን፣ አንዱ ለሌላው ያላሰበውን ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል፤ ሸማኔው ለኬሚስቱ እንዳደረገው። ይህ ግን እንዲሁ በምኞት አይመጣም። የፊዚክስ ተማሪው እርሳስ፣ የሥዕል ተማሪው የብርሃን ትምህርት እንዲይዙ ያስፈልጋል። የባዮሎጂ መምህሩ ደግሞ መጽሐፉን ያልመሰለ ሥዕል ሲቀርብለት ቀይ እስክሪብቶውን ከማንሣቱ በፊት፣ አንድ ጊዜ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ይመልከት።